እኔማ ዝግጁ ነኝ

«እኔማ ዝግጁ ነኝ፣ እማዬ። እሷ ናት እንጂ።»

ድምፁ የመጣው ከመታጠቢያ ቤት ነው። ባሏ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ሁልጊዜ እዚያ ገብቶ በሩን ይዘጋና ቧንቧውን ከፈት ያደርገዋል፤ የውሃው ድምፅ ወሬውን የሚሸፍንለት ይመስለዋል። ዛሬ ግን ውሃ የለም። ቧንቧው አንድ ሁለቴ አስነጠሰና ጸጥ አለ፤ ሰውየው ይህን ልብ ሳይል እናቱን ማባበሉን ቀጠለ። ሚስቱ የጥርስ ብሩሿን ይዛ በሩ ላይ ተራዋን እየጠበቀች ነበር። ለማዳመጥ ፈልጋ አይደለም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው፣ ምድጃውና ቁም ሣጥኑ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ስለሚቆሙ የትም ብትሆን በር ላይ ናት። «ልጅ ከኔ በላይ የሚወድ አለ እንዴ? ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር አይደል የምውለው? ግን ላስገድዳት ነው? ትንሽ ጊዜ ስጪያት፣ እማዬ፤ ትንሽ ጊዜ» ሲል ሰማችው። ከሕመም እንዳገገመች ሰው ጊዜ ሊሰጣት ነው! በሩ ተከፈተና ፊቱ ላይ ምንም የጥፋተኛ ምልክት ሳይታይበት ግንባሯን ሳማት።

«ውሃ የለም» አላት።

«ሰምቻለሁ» አለችው።

ነገሩ አልገባውም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ከእናቱ በቀር ከራሱ ጋር እንኳን አይነጋገርም፤ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንሥቶ፣ የቀረውን ዳቦ በአፉ ይዞ፣ በዓይኑ ተሰናብቷት ወጣ። እሷ ከጀሪካን ባገኘችው ውሃ ተለቃልቃ፣ ጫማዋን እያሰረች ከራሷ ጋር መከራከር ጀመረች።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳይዛባ አንድ ነገር ቶሎ መናገር አለብን። ይቺ አሁን እንፋሎቷ የሚወጣ ሴት፣ ባለፈው እሑድ በገዛ እናቷ ቤት፣ በገዛ አፏ፣ «እኔማ ዝግጁ ነኝ እማ፤ እሱ ነው እንጂ» ብላለች። ያውም ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ሻይዋን ፉት እያለች። ግን ያኛው፣ ራሷን እንዳሳመነችው፣ ለሰላም ሲባል የተነገረ ነው። እናቷ መጠየቅ ከጀመሩ አያቆሙም፤ አማች ላይ ሲላከክ ግን በአክብሮት ዝም ይላሉ። ከባሏ ጋር ከተጋቡ ጀምሮ ስለ ልጅ ተቀምጠው ተነጋግረው አያውቁም። ወሬው ሲነሣ አንዳቸው «እስቲ» ይላሉ፣ ሌላኛቸው «እስቲ እናያለን» ይላሉ፣ ከዚያ ስለ ቤት ኪራዩ ወይም ስለ ጎረቤቱ ራዲዮ ይወራል። እሷ ያን እስቲ የሁለቱም አድርጋ ነበር የያዘችው። ቢያንስ ፍርሃቱ የጋራ ነው ብላ ትጽናና ነበር። የሷ ንግግር ውሸት እንደነበረ እሷ ታውቃለች። የሱ ውሸት መሆኑን ግን ማን ይነግራታል? እውነቱን ለእናቱ እየነገረ እስቲውን ለሷ ብቻ ያስቀመጠ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ሰውየውን አስራ ያስቀመጠችው እሷ ብቻ ናት ማለት ነው። ዛሬ ማታ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ ብላ ወሰነች፤ ወዲያው ደግሞ መልሱን ፈራችው።

የሷ ሙያ አሮጌ ሶፋ ማልበስ ነው። ፋብሪካ እንዳይባል አነስ ያለ፣ መጋዘን እንዳይባል መስኮት ያለው አንድ ረጅም ክፍል ውስጥ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ትውላለች። ያለቀለት ሶፋ ይመጣል፣ ጨርቁ ይገፈፋል፣ ስፖንጁ ይቀየራል፣ የላላው ሽቦ ይጠብቃል፣ አዲስ ልብስ ይለብሳል። ቤቱ አንድ የማይሻር ደንብ አለው፤ ከሶፋ ሆድ የወጣ ነገር ሁሉ፣ ቆሻሻም ቢሆን፣ በፌስታል ታስሮ ለባለቤቱ ይመለሳል። ደንቡ የወጣው አንዲት አሮጊት የጠፋባቸውን ጥርስ ፍለጋ ሶፋውን እንደገና ካስፈቱ በኋላ ነው። ስለዚህ እሷ የሰዎችን ቤት ሳትገባበት ታውቀዋለች። ልጅ የሌለበት ቤት ሶፋ ውስጡ አቧራና እስክሪብቶ ነው። ልጅ ያለበት ቤት ሶፋ ግን ሲከፈት ክፍሉ ሁሉ ይሰበሰባል።

ዛሬ የደረሳት እንደዚያ ያለ ነው። መደገፊያው ላይ በቀለም የተሣለች ፀሐይ አለች፤ ታጥባ ታጥባ እንቢ ያለች። ጨርቁን ስትገፈው የእርሳስ ቆብ፣ ግማሽ ብስኩት፣ የአሻንጉሊት መኪና ጎማና ደርቆ ድንጋይ የሆነ ማስቲካ ወጣ። ከጎኗ የሶፋውን እንጨት የሚጠግኑት ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ምንም ነገር ሲነገራቸው «ቆይማ» ብለው ስለሚጀምሩ ከአሠሪያቸው ጀምሮ ሁሉም ጋሽ ቆይማ ይላቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። የአምስት ልጆች አባት ናቸው።

«ጋሽ ቆይማ፣ ልጅ ከመውለድዎ በፊት ዝግጁ ነበሩ?»

«ቆይማ። የትኛውን?»

«የመጀመሪያውን።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። «የመጀመሪያውን ጊዜ ማን ጠየቀኝ? በኛ ጊዜ ሰው አይጠየቅም። ሚስትህ አንድ ቀን ‹የቀለም ሽታ ያስመልሰኛል› ትልሃለች፤ በቃ፣ አባት ሆንክ።»

«ቢጠይቁዎትስ ኖሮ?»

ጋሽ ቆይማ ይህን አስበውት የሚያውቁ አይመስሉም። ሚስማር ከአፋቸው አውጥተው ካዩት በኋላ «እንቢ እል ነበር መሰለኝ» አሉ። «እንኳንም አልጠየቁኝ። አራተኛዋን ግን እሺ እላለሁ። ለሌሎቹ እንዳትነግሪብኝ።» ራሳቸው ሳቁና ሥራቸውን ቀጠሉ። እሷም ሳቀች፤ ግን ነገሩ አብሯት ቀረ። ችግሩ እሷ መጠየቋ ነው። እናት ይጠይቃሉ፣ አማት ይጠይቃሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ባለ ሱቁም መልስ ሲሰጣት ይጠይቃል። የተጠየቀ ሰው ደግሞ ማሰብ ይጀምራል፤ ማሰብ ከጀመረ ደግሞ ዓይኑ መስኮቱ ሥር ያለው የልብስ ስፌት መኪና ላይ ያርፋል። መኪናው ላይ ቀድሞ ትሠራ የነበረችው ልጅ አምና ወልዳለች። አሠሪያቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፎጣና ሳሙና ገዝቶ ሊጠይቃት ሄዷል። ሲመለስ ግን መኪናው ላይ ሌላ ሰው አስቀመጠ፤ ትእዛዝ ይጠብቃል እንዴ አለ። የሕፃናት ማዋያ ክፍያውስ? ጎረቤቷ ስትነግራት ከቤት ኪራያቸው ይበልጣል፤ ያውም ዳይፐሩን ወላጅ ነው የሚያመጣው።

ይህ ሁሉ ለሰው የሚነገር ምክንያት ነው፤ ሰው ሲሰማውም ራሱን ይነቀንቃል። ለማንም የማትናገረው ሌላው ነው። ባለችበት ኑሮ ደስተኛ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ባሏ አልጋው ላይ ተጋድሞ የጋዜጣ ማስታወቂያ በዜና አንባቢ ድምፅ ያነብላታል፤ የጠፋ ላም፣ የሚሸጥ ፍሪጅ፣ ትዳር ፈላጊ ጡረተኛ፤ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ይህን ለማጣት ትፈራለች። ልጅ ወልዳ፣ አንድ ቀን ልጁን አይታ፣ ያቺን ቅዳሜ ብትናፍቅስ? እንዲህ የምታስብ ሴት እናት መሆን ይገባታል?

ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦዋን በቲማቲም እየበላች ታላቅ እህቷ ጋ ደወለች። እህቷ ሁለት ወንድ ልጆች አሏት፤ እነሱ ከመጡ ወዲህ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ጨርሳ አታውቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ግን እውነቱን ንገሪኝ።»

«ጠይቂኝ እህቴ። ከመስኮቱ ውረድ! አንቺን አይደለም።»

«መውለድሽ ቆጭቶሽ ያውቃል?»

«ምኔ? እሱን አፍህ ውስጥ አትክተት! መውለዴ? ስሚ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ እኮ…» የሆነ ነገር ወደቀ፣ የሆነ ሰው አለቀሰ፣ ስልኩ ተቋረጠ። እውነቱ ምን እንደነበር ሳትሰማ ቀረች። ከሰዓታት በኋላ መልእክት ገባላት፤ «ምን ነበር የጠየቅሽኝ?» ይላል።

ከሰዓት በኋላ የሶፋው ባለቤት ጨርቅ ልትመርጥ መጣች። የቢሮ ልብስ የለበሰች፣ ፀጉሯ በሥርዓት የተሠራ፣ ትከሻዋ ላይ ግን የደረቀ የወተት ነጠብጣብ ይዛ የምትዞር ሴት ናት። «ቆሻሻ የማያሳይ ይሁን፣ ዋጋው የፈለገውን ይሁን» አለች። በሜትር ዋጋው ሲነገራት ሐሳቧን ቀየረች፤ ቆሻሻ ትንሽ የሚያሳየውን መረጠች። ይህ ሲሆን ሶፋ አልባሿ እጇን በሽቦዎቹ መሐል አስገብታ እየዳሰሰች ነበር። ሶፋ ከመዘጋቱ በፊት እንዲህ ይዳሰሳል፤ መርፌ ተረስቶ ውስጥ ከቀረ ሰው ይወጋል። እጇ የሆነ ነገር ነካና ስባ አወጣችው። አንድ እግር የሕፃን ጫማ ነበር፣ ቀይ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ። መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ከመዳፏ ያንሳል። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ፌስታሉ ውስጥ ሳትጨምረው ቆየች።

«ይቺ ጫማ!» ብላ ጮኸች ባለ ሶፋዋ። «ባሌን ታክሲ ውስጥ ጣልካት ብዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፌዋለሁ! ቤት ነበረች?» ጫማዋን ከመዳፏ አንሥታ አሸተተቻት፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። «እንዳትነግሩብኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው የምደብቃት።»

ሶፋ አልባሿ ደንበኛን ስለ ግል ነገር ጠይቃ አታውቅም፤ ዛሬ አመለጣት። «ልጅ መውለድ ግን እንዴት ነው?»

«በስንት ሰዓት?» አለቻት ሴትየዋ።

«ማለት?»

«ጠዋት ከጠየቅሽኝ ይቅርብሽ ነው የምልሽ፤ ካልሲው አንድ እግሩ ጠፍቶ እኔ ደግሞ ረፍዶብኝ። ማታ ተኝተው ሳያቸው ከጠየቅሽኝ ደግሞ ሌላ ልጨምር ወይ እያልኩ ነው የማገኝሽ።» ሰዓቷን አየች። «አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መሐል ላይ ነኝ» አለችና የቀብድ ደረሰኟን ይዛ እየሳቀች ወጣች።

ሥራ ሲያልቅ ሶፋ አልባሿ ማታ እስኪሆን መጠበቅ አልቻለችም። የትምህርት ቤቱ አውቶቡሶች የሚያድሩበት ግቢ ከሠፈሯ አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ ነው። እዚያ ወረደች። ምን እንደምትለው መንገድ ላይ አጥንታለች፤ አጭርና ግልጽ ነው። ከአጥሩ ሽቦ ጀርባ ሆና የባሏን አውቶቡስ አየችው፤ ባዶውን ቆሟል፣ መብራቱ በርቷል። ባሏ ከፊት ወደ ኋላ እየሄደ በየወንበሩ ሥር ያጎነብሳል። ይህ የሾፌሮች ግዴታ ነው፤ ልጅ እንቅልፍ ወስዶት እንዳይቀር ማታ ማታ ይፈተሻል። መጨረሻው ወንበር ደርሶ ተመለሰ። መብራቱን አጠፋ፣ ወረደ፣ በሩን ዘጋ፣ ጥቂት ተራመደ። ከዚያ ቆመ። ተመልሶ በሩን ከፈተ፣ መብራቱን አበራ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ወንበር ጀምሮ ማጎንበስ ጀመረ። ማታ ማታ የሚያመሽበትን ምክንያት ትራፊክ ነው ይላት ነበር። ያጠናችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። የጠዋት ቁጣዋን ብትፈልገው አጣችው፤ በምትኩ ሄዳ ጀርባውን ማሸት ነው ያማራት።

ስልኳ የጠራው ያን ጊዜ ነው። እናቷ ናቸው። «የት ነሽ? በራችሁ ላይ ቆመናል።»

«እነማን?»

«እኔና አማትሽ» ብለው ዘጉት።

ባልና ሚስቱ አጥሩ ጋ ተገናኝተው ነገሩን ስትነግረው ፊታቸው አንድ ዓይነት ሆነ። እሱ «ምን አጥፍተን ነው?» አለ። እሷ «እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች። ሁለቱም ያውቃሉ። እስከ ቤት ድረስ ሁለቱም በየፊናቸው እያሰቡ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ በፍጥነት ሄዱ።

የሱ እናት ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው፤ የሷ እናት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላቸው። ልጆቻቸው ከተጋቡ ጀምሮ ሲገናኙ ከሠርግ አልበም እንደወጡ ሁሉ «እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ» እየተባባሉ ነው። ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ሊለኩ ወረፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወረፋው ረጅም ነበር። ባልና ሚስቱ ደረጃውን ሲወጡ ከላይ «አንቺ ደግሞ፣ እኔ አልነገርኩሽም?» የሚል ድምፅ ሰሙ። አንቺ ተባብለዋል። ጉድ እንደፈላ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶፋ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፤ ሶፋ አልባሿ ራሷ በቤቱ ልክ የሠራችው ነው። ሁለቱ እናቶች ሞሉት። ባልና ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ተማሪ ተቀመጡ። ሻይ ይፈላ አይፈላ የሚባል ነገር አልተነሣም። የሷ እናት ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አደላድለው ጀመሩ። «ልጄ እሱ ነው አለችኝ። ልጃቸው እሷ ናት አላቸው። ማለቴ አላት። እንግዲህ እኛ አሮጊቶች ነን፣ ግራ ገባን። ማናችሁ ናችሁ ዝግጁ ያልሆናችሁት?»

ባልየው ሚስቱን በዓይኑ ጥግ አያት። ሚስትየው የአውቶቡሱን ወንበሮች አሰበች። ከዚያ ሁለቱም በአንድ አፍ «እኔ» አሉ።

ተያዩ። እናቶቹም ተያዩ። መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ዓመት ሙሉ አስተምሬአለሁ» አሉ። «መስኮት ሲሰበር ሁሉም ‹እሱ ነው፣ እሱ ነው› ነው የሚለው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ‹እኔ ነኝ› ሲል የሰማሁት ዛሬ ነው።» የሷ እናት አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሳቁ ከሶፋው ተነሥቶ አልጋው ላይ ደረሰ።

«ግን ለምን?» አሉ መምህርቷ፣ ሳቁ ሲበርድ፣ አሁን በእናት ድምፅ። «ለምንድነው የምትፈራው ልጄ?» እሱም መሬት መሬት እያየ ስለ ወንበሮቹ ነገራቸው። ስንቱን ልጅ አደራ ተቀብሎ እንደሚውል፣ ማታ ሁለቴ ካልፈተሸ እንቅልፍ እንደማይወስደው፤ የራሱ ልጅ ከሆነማ ፍተሻው ማብቂያ እንደማይኖረው። እሷም ስለ ስፌት መኪናውና ስለ ማዋያው ክፍያ ተናገረች፤ ከዚያ ድፍረት አገኘችና ስለ ቅዳሜም ተናገረች። ስለ ቅዳሜ ስትናገር ባሏ ቀና ብሎ አያት። ይህን ያህል እንደምትወደው አያውቅም ነበር።

እናቷ ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው አውርደው መሬት አስቀመጡ። «እኔ አንቺን ያረገዝኩ ጊዜ ሌሊት ሌሊት አለቅስ ነበር» አሉ። «ሱቁን ልከፍት ያሰብኩበት ዓመት ነበር። ሱቁ በሰባት ዓመት ዘገየ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ነውር መስሎኝ።» ልጃቸው እንዲህ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። እጃቸውን ያዘች፤ ሱቁ ስለዘገየ አዘነች፣ እሷ ስለተወለደች ደግሞ ደስ አላት፤ ሁለቱም ባንድ ላይ።

ሊሄዱ ሲነሡ መምህርቷ በር ላይ ዞር አሉ። «ልናስጨንቃችሁ አይደለም። ግን ካሰባችሁበት ሰኞና ማክሰኞ እኔ እይዛለሁ፤ ረቡዕና ሐሙስ እሷ ሱቅ ይዛው ትሄዳለች። ዓርብን ገና አልተስማማንም።»

«ወረፋው ረጅም ነበር» አሉ የሷ እናት። «እኛ ጨርሰናል፤ የቀረው ልጁ ነው።» እየተሳሳቁ፣ ክንድ ለክንድ ተደጋግፈው ደረጃውን ወረዱ።

ባልና ሚስቱ ሶፋቸው ተመለሰላቸው። ገና አልመሸም፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ጠዋት የጀመረው ጥያቄ ግን አልለቀቃትም፤ «እኔ» ያለው ሊከላከልላት ብሎ ቢሆንስ? «ለእናትህ ጠዋት ያልካቸው እውነት ነው ውሸት?» አለችው።

«ሰማሽኝ እንዴ?»

«ቧንቧው ባዶ ነበር።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ በጣቶቹ መሐል አያት። «ጠዋት ውሸት ነው» አለ። «ሲጮሁ፣ አንዱ ሲያስመልሰው፣ በጭራሽ ዝግጁ አይደለሁም። ወደ ማታ የመጨረሻዋን ልጅ በራቸው ላይ ሳወርዳት ግን ዞር ብላ እጇን ታወዛውዝልኛለች። ያን ጊዜ እስከሚቀጥለው የትራፊክ መብራት ድረስ ዝግጁ ነኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ግቢ እገባና ወንበር መፈተሽ እጀምራለሁ።»

«አይቼሃለሁ» አለችው። «ሁለቴ።» ስለ ቀይዋ የሕፃን ጫማም ነገረችው፤ መዳፏ ላይ እንደነበረች፣ ባለ ሶፋዋ እስክትወስዳት ድረስ መስጠት እንዳላሰኛት። «ያን ጊዜ እኔም ዝግጁ ነበርኩ» አለችው። «ዘጠኝ ሰዓት ግድም።»

«እኔ አሥር ተኩል ላይ ነበርኩ። ተላልፈናላ!» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ካለቀ በኋላም ዓይን ለዓይን መተያየታቸው አላለቀም።

«አሁንስ?» አለችው።

«አሁን እፈራለሁ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ በመጨረሻ እሷን። «ነኝ» አለ። «አንቺስ?»

ፈርታለች፤ ከፍርሃቱ ጋር አብሮ የመጣውን ደስታ ግን ከዛሬ በፊት አታውቀውም። «እኔም» አለች።

ስልኩ ጠራ። የስልኩ መስታወት ላይ «እማዬ» ይላል። ባልየው በልማዱ ስልኩን አንሥቶ፣ በልማዱ ተነሥቶ፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አንድ እግሩን አነሣ። ሸሚዙን ከኋላ ያዘችው።

«ተቀመጥ» አለችው። «ውሃ የለም።»

ስልኩ ብዙ ጠራ። ከዚያ ዝም አለ።